የባለ እጅ ዋጋ፤ ስለ ጥቃቅን የብየዳ ሥራዎች ሒሳብ

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ ጥጉን በቆርቆሮ ታጥሮ፣ በደጃፉም የመስኮት ፍርግርግና ገና ቀለም ያልነካው የግቢ በር ተደግፎ የሚታይ የብየዳ ቤት የሌለው ሠፈር እምብዛም አይገኝም። ወደዚህ ቤት የሚመጣው ደንበኛ፣ የተሰበረ የወንበር እግር ይዞ የመጣም ቢሆን፣ ለአዲስ ቤቱ የመስኮት ብረት ሊያዝ የመጣም ቢሆን፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያቀርበው ጥያቄ «በስንት ትሠራልኛለህ?» የሚል ነው፤ ባለሙያውም በዚያችው ቅጽበት፣ ብዙ ጊዜም የያዘውን ሥራ ሳያቋርጥ፣ አንድ ቍጥር ይጠራል። በዚህ ቍጥር ላይ የሠሪው የልጆቹ ቀለብ፣ የረዳቱ ደመወዝ፣ የደንበኛውም ገንዘብ የተንጠለጠለ ሲሆን፣ ከየት ተነሥቶ ምን ምን እንደሚይዝ ግን በሁለቱም ወገን ተመርምሮ የሚታወቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በልማድ የጸኑትን ሁለቱን የዋጋ አቈራረጥ መንገዶች ማወቅ ይገባል። አንደኛው ሥራውን በካሬ ሜትር መለካት ነው፤ የበሩ ወይም የመስኮቱ ወርድ በቁመቱ ተባዝቶ፣ አንዱ ካሬ ከነዕቃው ይህን ያህል፣ ለጉልበት ብቻ ደግሞ ይህን ያህል ነው ይባላል። ሁለተኛው የብረቱን ዋጋ ደምሮ በ2 ማባዛት ነው። ሁለቱም ከብዙ ዘመን ልምድ የተወለዱ ስለ ሆኑ የሚናቁ አይደሉም፤ አንድ ሕንፃ 40 መስኮት ኖሮት ሁሉም አንድ ዐይነት ሲሆን የካሬው ሒሳብ ለሠሪውም ለአሠሪውም ይቀላል፤ ትንንሹ ስሕተትም ከሥራው ብዛት የተነሣ እርስ በርሱ ይቻቻላል። ነገር ግን ሥራው ባነሰ መጠን ሁለቱም መንገዶች ከእውነቱ እየራቁ ይሄዳሉ። ግማሽ ካሬ የምትሆን የመታጠቢያ ቤት መስኮት እንደ 2 ካሬው መስኮት ሁሉ 4 ማእዘን አላት፤ ለልኬት ያንኑ ጉዞ ታስጕዛለች፤ ቀለሟ እስኪደርቅም ያንኑ ያህል ታስጠብቃለች፤ በካሬ ሲቈረጥላት ግን የሩቡን ዋጋ ብቻ ታስገኛለች። ብረቱን በ2 ማባዛትም እንዲሁ ነው፤ ከወፍራም ብረት ተቈርጦ በጥቂት መጋጠሚያ የሚያልቅ ሥራ አሠሪውን ያለ አግባብ ያስከፍለዋል፤ ከቀጭን ብረት በአበባና በሐረግ ቅርጽ ተጠማዝዞ ቀን ሙሉ የሚለፉበት ጌጠኛ ሥራ ደግሞ ሠሪውን ባዶ እጁን ይሰደዋል።

ነገሩ በዐይን እንዲታይ ወርዱ 1.50 ሜትር፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ አንድ የመስኮት ፍርግርግ እንውሰድ። ዙሪያው ከባለ 20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ይሠራል፤ በውስጡም ከዚያው ብረት 11 ቋሚዎች ይቆሙበታል። ዙሪያው 5.40 ሜትር ነው፤ ቋሚዎቹ ከላይኛውና ከታችኛው ብረት መካከል ስለሚገቡ እያንዳንዳቸው 1.16 ሜትር፣ ባንድነት 12.76 ሜትር ይሆናሉ፤ ጠቅላላው ድምር 18.16 ሜትር ነው። ቱቦላሬ በገበያ የሚሸጠው በ6 ሜትር ርዝመት ስለ ሆነ፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያሰላ ሰው 3 ብረት ገዝቶ የጐደለችውን 16 ሴንቲ ሜትር ከወዳደቀ ቍራጭ ሊሞላ ያስባል። እውነተኛው ሒሳብ ግን የሚገለጠው ብረቱ ሊቈረጥ ሲጋደም ነው። ከመጀመሪያው ብረት ዙሪያው ሲወጣ 60 ሴንቲ ሜትር ቍራጭ ይተርፋል፤ ይህም ለቋሚ አይበቃም። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው አምስት አምስት ቋሚ ይወጣል፤ የመቍረጫው ዲስክ በየቍርጡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየበላ፣ ከእያንዳንዱ ብረት 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይቀራል። እንግዲህ 11ኛውን ቋሚ ለማግኘት አራተኛ ብረት መግዛት ግድ ይሆናል፤ ከዚያም ላይ አንዱ ቋሚ ተቈርጦ 4.84 ሜትር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

የዚያች የአንዲት ቋሚ ዋጋ የአንድ ሙሉ ብረት ዋጋ ሆነ ማለት ነው። ልባም ባለሙያ ይህን ከመግዛቱ በፊት አይቶ ቋሚዎቹ 10 ቢሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ10.3 ወደ 11.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንደሚሰፋ ለደንበኛው ያስረዳዋል፤ ደንበኛውም ለጥበቃው ይበቃል ብሎ ከተቀበለው የአንድ ብረት ወጪ ይድናል። ብረቱ ሳይነካ በእርሳስና በወረቀት የተደረገው ይህ ሥራ ከዋጋው ውስጥ ስሙ አይጠራም፤ ለእኔ ግን ከብየዳው የማያንስ ጥበበ እድ ነው፤ ለእርሱም ዐስቡ ሊከፈለው ይገባል።

እዚህ ላይ የቍራጩን ነገር ሳንመረምር ማለፍ ፍትሕ አይሆንም፤ በደንበኛና በባለሙያ መካከል ቅሬታ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ እርሱ ነውና። ባለሙያው ለጉልበቱ ብቻ ተስማምቶ ብረቱን የገዛው ደንበኛ ከሆነ፣ የተረፈው ሁሉ፣ ለቆራሌው በኪሎ ከመሸጥ በቀር የማይጠቅም እንኳ ቢሆን፣ የደንበኛው ገንዘብ ነው። ሥራው ከነዕቃው ተይዞ ከሆነ ደግሞ፣ 4 ብረት ተቈጥሮበት የከፈለ ሰው በ4ቱም ላይ መብት አለው፤ ባለሙያው ትርፉን ለራሱ ሊያስቀር ከፈለገ ከዋጋው ላይ ይቀንስለት። ሁለተኛውን ደንበኛ የመጀመሪያው በከፈለበት ብረት እያገለገሉ እንደ አዲስ ማስከፈል፣ ልማድ ሆኖ ቢገኝም እንኳ፣ በሁለት ሚዛን መመዘን ነው።

ከብረቱ ቀጥሎ ዐይን የማይጥልባቸው ጥቃቅን ወጪዎች ይመጣሉ። ርዝመቱ 350 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤሌክትሮድ ነድዶ ሲያልቅ መያዣው የነከሰው 50 ሚሊ ሜትር ያህሉ ይጣላል፤ ስለዚህ ከተገዛው ከ7 አንዱ እጅ ገና ከመጀመሪያው የሚጣል ነው፤ ከቀረውም ላይ ልባሱ ቅርፊት ሆኖ በመዶሻ ይራገፋል፤ ከቀለጠውም ብረት ጥቂቱ በፍንጣሪ ይጠፋል። መቍረጫ ዲስክ አለ፤ መሞረጃ ዲስክ አለ፤ ፀረ ዝገት ቀለም፣ የላይ ቀለም፣ ማቅጠኛው አኳራጅ፣ ብሩሽ፣ ጓንት፣ የፊት መከላከያ መስተዋት አለ። ለአንድ ፍርግርግ ስንት ዲስክ እንዳለቀ የሚጽፍ ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ እነዚህ ወጪዎች ከትርፉ ላይ በስውር ይበላሉ። በወር የተገዛውን የዚህን ዐይነት ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ጽፎ በዚያው ወር ለተሠራበት ብረት ማካፈል ከ3 ወር በኋላ የታመነ ቍጥር ይሰጣል፤ ከግምትም ያድናል።

የጉልበቱ ሒሳብ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። የብየዳን ሥራ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ሥራ ብሎ የሚቈጥረው የሚያንጸባርቀውን እሳት ብቻ ነው። ያ ባለ 10 ቋሚ ፍርግርግ 20 የቋሚ ጫፎችና 4 ማእዘኖች፣ ባንድነት 24 መጋጠሚያዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ እሳቱ የሚነድደው ለጥቂት ሰኮንዶች ስለ ሆነ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን ባለሙያው ወደ ደንበኛው ቤት ሄዶ መስኮቱን ለክቷል፤ ያረጀው ግድግዳ ማእዘኑ ቀጥ ያለ ስላልሆነ ከላይም ከታችም፣ በሰያፍም ለክቷል፤ ወደ መርካቶ ወርዶ ብረት መርጧል፤ በጋሪ ወይም በመኪና አስጭኗል፤ 14 ቍራጭ ቈርጦ ጫፋቸውን ሞርዷል፤ በመሬት ላይ ዘርግቶ ማእዘኑን አስተካክሎ በነጥብ አስይዟል፤ እሳቱ ብረቱን እንዳያጣምመው ካንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በይዷል፤ ቅርፊቱን አራግፎ፣ ሞርዶ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀብቶ፣ አድርሶ፣ ግድግዳውን በስቶ ገጥሟል። በእጅ በሚሠራ ብየዳ እሳቱ የሚነድበት ጊዜ ከጠቅላላው የሥራ ጊዜ ሲሶውን እንኳ እንደማይሞላ በሙያው የታወቀ ነው፤ በእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራማ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዋጋውን በእሳቱ ጊዜ የሚቈርጥ ባለሙያ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በነጻ ያገለግላል።

ሰዓት ስንቈጥር ደግሞ የቤቱ ድርሻ ይከተላል። በምሳሌ ለማስረዳት፣ የአንድ ብየዳ ቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የጥበቃ ክፍያና ማሽኑ ሲያረጅ ለመተካት የሚቀመጠው ገንዘብ ባንድነት በወር 20,000 ብር ነው እንበል። ባለቤቱ በወር 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ 200 ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ቢያካፍል የሰዓቱ ድርሻ 100 ብር ይመጣለታል። ይሁን እንጂ ከነዚህ 200 ሰዓቶች መብራት የጠፋበት አለ፤ ብረት ሲፈልግ የዋለበት አለ፤ ዋጋ ጠይቀው ለማይመለሱ ሰዎች ሲለካና ሲያሰላ የቈየበት አለ፤ ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ሲያሳድድ ያለፈበት፣ በዐበይት በዓላት የዘጋበትም አለ። ለደንበኛ ተሠርቶ የሚከፈልበት ሰዓት 100 ብቻ ቢሆን የእያንዳንዱ ሰዓት ድርሻ 200 ብር ይሆናል። የቀን ሥራ ሞልቶለት ሳለ በወሩ መጨረሻ ኪራይ መክፈል አቅቶት የሚጨነቅ ባለሙያ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን ከዚህ አካፋይ ላይ የመጣ ነው።

አሁን ወደ እነዚያ እጅግ ትንንሽ ሥራዎች እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የማዝነው በእነርሱ ዋጋ ነውና። አንዲት እናት የምጣድ ማስቀመጫ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ እግር ከመጋጠሚያው ተላቅቋል። «አንተ ልጅ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ አስነካልኝ» ይላሉ። ባለሙያው ልብ ካለው «እናቴ፣ ነጥቧን ለማስነካት እኮ የያዝሁትን ሥራ ማቆም አለብኝ፤ ብረቱንም ካላጸዳሁት አይዝልዎትም» ብሎ ያስረዳቸዋል። እውነቱም እንዲሁ ነው። ለረጅም ዘመን በእሳት ላይ የኖረ ብረት ዝገትና ጥላሸት ለብሷል፤ ይህ እስኪጠረግ ብየዳው አይጨብጥም፤ ከመቃጠሉም የተነሣ ሳስቷልና የማሽኑ ኀይል ካልተቀነሰ ብረቱ ቀልጦ ይበሳል፤ ከተበሳም ሌላ ቍራጭ ይደረብበታል። ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ ተራግፎ ይሞረዳል። ለነጥቧ 5 ሰኮንድ የማይፈጅ ሥራ የባለሙያውንና የረዳቱን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚጠብቀውም ትልቁ ሥራ ዋጋ አለው።

ለዚህ የሚሆነው መድኀኒት ማናቸውም ሥራ ከርሱ በታች የማይነካበትን የመነሻ ዋጋ ወስኖ በደጃፍ በሰሌዳ መጻፍ ነው። የግማሽ ሰዓት የባለሙያና የረዳት ደመወዝ፣ የግማሽ ሰዓት የቤቱ ድርሻ፣ ጥቂት የኤሌክትሮድና የዲስክ ወጪ ተደምሮ የሚወጣው ቍጥር የመነሻው ዋጋ ነው። በቅድሚያ ተጽፎ የሚታይ ዋጋ ደንበኛውን አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው በፊት ላይ ታይቶ የሚቈረጠው ነው። ለድኻ በነጻ መሥራት የሚሻ ባለሙያ ደግሞ በነጻ ይሥራ፤ ያ ምጽዋት ነውና ዋጋው ሌላ ነው። ምጽዋትን ከሒሳብ ጋር አደባልቆ ለሁሉም በግማሽ ዋጋ መሥራት ግን ድኻውንም አይጠቅምም፤ ከረዳቱ ደመወዝ ላይ ይቈረሳልና።

ስለ ክርክርም አንድ ነገር እንበል፤ «የመጨረሻውን ንገረኝ» የማይባልበት ገበያ በአገራችን እምብዛም የለምና። አንድ ሥራ ብረቱም፣ ጉልበቱም፣ የቤቱ ድርሻም ተደምሮ 1,000 ብር ያስወጣል እንበል፤ ባለሙያው ከመቶ 20 ትርፍ ጨምሮ 1,200 ብር ይጠራል። ደንበኛው ከመቶ 10 ቀንስልኝ ይላል፤ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቅናሹ ግን የሚሰላው ከ1,200 ላይ ስለ ሆነ 120 ብር ነው፤ ይህም ከ200 ብሩ ትርፍ ከመቶ 60 እጁን ይወስዳል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ በፈገግታ ይቀንሳል፤ የሚያውቀው ግን ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ ሥራውን ይቀንሳል፤ ጌጡን እንተወው፣ ቀለሙን እርስዎ ይቀቡት፣ ማድረሻውን እርስዎ ይቻሉ ይላል። ይህ የቀና መንገድ ነው።

ያልቀናው መንገድ ደግሞ ብረቱን ማሳሳት ነው። የብረት ላሜራ 1 በ2 ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን 15.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን 12.56 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ሁለቱን በዐይን የሚለይ ደንበኛ የለም፤ ሚዛንና ካሊፐር ግን ይለዩታል። ሦስት ብየዳ ቤት ዞሮ ከሁሉ ያነሰውን የመረጠ ሰው፣ ሦስቱም ስለ አንድ ዐይነት ብረት ተናግረው እንደ ሆነ ካልጠየቀ፣ ያነጻጸረው ዋጋን ሳይሆን ባዶ ቍጥርን ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ በሩ ከታች በዝገት ሲበሳ የተረፈለት ገንዘብ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል።

ለእጅ ሥራ ዋጋ መንሣት በእኛ ዘንድ ሥሩ ረጅም ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ማረሻውንና ጦሩን እየሠራ አገሩን ሲያገለግል፣ ስሙ ግን በስድብ ይጠራ ነበር፤ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት የነገሩ ክፋት ቢከብዳቸው ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ተግባረ እድ በትምህርት ቤት የሚማሩት የተከበረ ሙያ ሆኗል፤ ነገር ግን ለብረቱ ነጋዴ ያለ ክርክር የከፈለ ሰው ለበያጁ ጉልበት ሲደርስ እጁ የሚታጠፈው የዚያ አሮጌ ንቀት ርዝራዥ ይመስለኛል።

በምንም ዋጋ ሊያዙ የማይገባቸው ሥራዎችም አሉ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበት በርሜልና የመኪና ነዳጅ ታንክ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ ይህን ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዝግጅትና ዕውቀት በሠፈር ብየዳ ቤት የለም። የመኪና መሪና የተሳቢ መያዣ ብረትም እንዲሁ ነው፤ ብየዳው ቢለቅ የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነውና። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧና ቆርቆሮ ግን በጥንቃቄ ሊያዝ ቢችልም ሲበየድ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ያን ጢስ የተነፈሰ ሰው በዚያው ቀን ማታ እንደ ወባ ያለ ብርድና ትኩሳት ይይዘዋል። ብዙ በያጆች ወተት ያድነናል ብለው ይጠጣሉ፤ የሚያድነው ግን ልባጡን አስቀድሞ ሞርዶ ማንሣት፣ ደጅ ወጥቶ ነፋስ በሚነፍስበት መሥራትና ተገቢውን የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ማድረግ ነው፤ የሚሞረድበትም ጊዜ ከዋጋው ውስጥ መግባት አለበት።

ዋጋው ከተቈረጠ በኋላ የሚቀረው ለስንት ቀን ይጸናል የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ በሚመጣ ብረትና ኤሌክትሮድ ለሚተዳደር ሙያ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። አንድ ወር በቈየ ዋጋ ሥራ የሚቀበል ባለሙያ በራሱ ገንዘብ ለደንበኛው ብረት ሊገዛለት ይችላል። ስለዚህ ዋጋው ለ5 ወይም ለ7 ቀን ብቻ የሚጸና መሆኑ ይጻፍ፤ ቀብዱም ቢያንስ የብረቱን ዋጋ የሚሸፍን ይሁን፤ ብረቱም ቀብዱ በተከፈለበት ቀን ይገዛ። ደንበኛውም በበኩሉ የቀብዱን ደረሰኝ ይቀበል፤ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገበ ቤት የሚያሠራ ከሆነም 15 በመቶው በተነገረው ዋጋ ውስጥ ይሁን ከርሱ ውጪ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በር ወይም መስኮት ልታሠራ ወደ ብየዳ ቤት ስትሄድ፣ ባለሙያው ዋጋውን ከመጥራቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ቢያነሣ፣ ወይም «ለክቼ አስልቼ ነገ ልንገርዎ» ቢልህ፣ አልቻለበትም ብለህ ወደ ጐረቤቱ አትለፍ። የብረቱን ዐይነትና ውፍረት፣ የቋሚዎቹን ቍጥር፣ ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ ማድረሻውና መግጠሚያው የማን እንደ ሆነ፣ ቍራጩ ለማን እንደሚቀር፣ ሥራው በስንት ቀን እንደሚያልቅ በአንዲት ወረቀት ላይ አስጽፈህ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ያን ወረቀት ለመጻፍ እሺ ያለህን ሰው፣ ከሌላው ጥቂት ቢበልጥም፣ በዋጋው አሠራው።